አባቴ በሮም የተመኙት የፑሳን ሾርባ

አባቴ መብላት ያቆሙት ብርዱ ሊወጣ አካባቢ ነው። በአንድ ቀን አቆሙ ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ ከሚቀርብላቸው እንጀራ ግማሹ መትረፍ ጀመረ፤ ቀጥሎ የግማሹ ግማሽ ብቻ ይነካ ጀመር፤ በኋላማ ማታ ስመለስ ጠዋት የከደንኩት ሳህን ክዳኑ እንኳ ንቅንቅ ሳይል ይጠብቀኛል። "አባባ፣ ምነው አልበሉም?" ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው። "ቆይ፣ እበላዋለሁ። አንቺስ በልተሻል?" እኔም "በልቻለሁ፣ ሥራ ቦታ በልቻለሁ" እልና ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ዘፍ እላለሁ።

ያኔ የነበረኝን ኑሮ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ስሜ የሺ ነው። ጠዋት ጠዋት ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ብዙም በማይርቅ መንገድ ላይ ባለች የኮሪያውያን ፔንሲዮኔ፣ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ፣ መታጠቢያ ቤት አጸዳለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሌሎች ሰዎች ቢሮ ወለል እወለውላለሁ። ቤታችን በምሥራቅ በኩል ነው፤ ፖንቴ ማሞሎ ከሜትሮ ተወርዶ አውቶቡስ ይያዛል፣ አውቶቡሱ ሲመጣ ማለቴ ነው። ስወጣም ጨለማ፣ ስገባም ጨለማ። ድካም የሚባለው ነገር እንግዳ መሆኑ ቀርቶ አብሮኝ የሚኖር ዘመድ ሆኖ ነበር።

እናቴ ስታርፍ አባባን አዲስ አበባ ብቻቸውን መተው አልሆነልኝም። ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቼ፣ ቤተሰብ የሚያገናኘውን ወረቀት ጨርሼ አመጣኋቸው። የሚያውቀኝ ሁሉ "ታድለሽ፣ አባትሽን አጠገብሽ አደረግሽ!" ይለኛል። አጠገቤ! ከተኙበት ትቻቸው ወጥቼ ሊተኙ ሲሉ ነው የምደርሰው።

አባባ ዘጠናን የተሻገሩ የኮሪያ ዘማች ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን አይጣል ነው፤ የማያስፈልገውን ሁሉ ይሰማሉ። እኛን ልጆቻቸውን በእርስዎ እንጂ በአንተ አላሳደጉንም፣ እስከ ዛሬም ያው ነው። ቁጡ አይደሉም፣ ግን ወታደር ናቸው፤ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ "ደህና" ብለው ሪፖርቱን ይዘጋሉ።

ሮምን የሚያውቅ ሰው ይህች ከተማ ሰው የሚጠግብባት እንጂ የሚራብባት አለመሆኗን ይመሰክራል። እኔም ሳህኑ ሳይነካ ማደር ሲጀምር ከተማዋን በካርቶን በካርቶን እየቋጠርኩ ቤት አስገባሁላቸው። ፋሲካ አልፎ ስለነበር ከቪያ ቮልቱርኖ መንገድ የአበሻ ምግብ ቤት የአገራችንን ክትፎና ሽሮ አመጣሁ። አይሁዶቹ ሰፈር ሄጄ ካርቾፎ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ እሾሃማ አትክልት ገዛሁ፤ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉትና "እሾህ ጠብሰው ነው የሚበሉት? እነዚህ ሰዎች ምን ቸገራቸው?" አሉ። ሱፕሊ የሚሉትን፣ ሩዝ ውስጥ አይብ የተቀበረበትን ጥብስ አቀረብኩ። አንድ የእረፍት ቀኔን ሠውቼ ኮሎሴዎ የሚባለው የጥንቱ ፍርስራሽ ድረስ ወሰድኳቸውና "የፈረሰ ቤት ለማየት ነው ይሄን ያህል ሕዝብ የተሰለፈው?" ብለው አሳቁኝ። እዚያው ፒሳ ገዝቼ እጃቸው ላይ አደረግሁና የሥራ ስልክ ስለመጣብኝ እያወራሁ ዞር አልኩ። ስመለስ ፒሳው ለእርግቦቹ ደርሶ ነበር።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ዶቶሬሳዋ ደማቸውን አየች፣ ሆዳቸውን ነካካች፣ ምንም አላገኘችም። "ሲኞራ፣ አባትሽ የታመሙት ነገር የለም። ግን እየከሱ ነው። በዚህ ከቀጠሉ ሰኞ ኦስፔዳሌ አስተኝቼ በቱቦ ነው የማበላቸው" አለችኝ። አባባ ጣልያንኛ አይችሉም፤ ኦስፔዳሌ የምትለዋን ቃል ግን ያዟት። አውቶቡስ ውስጥ ክንዴን ጨበጡና "የሺዬ፣ እዚያ ከገባሁ በእግሬ አልወጣም። ይገባሻል?" አሉ። ይገባኛል። ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፣ እኔም ፈራሁ።

ቤት እንደገባን ጉልበታቸው ሥር ተቀመጥኩ። "አባባ፣ በሞቴ፣ የሚያምርዎትን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ከየትም አመጣዋለሁ።"

ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። ተኝተዋል ብዬ ልነሣ ስል፣ "ፑሳን ላይ አንድ ሾርባ በልቼ ነበር" አሉ።

"የቱ ፑሳን?"

"ኮሪያ ነዋ! ስንት ፑሳን አለ? ከመርከብ የወረድንበት ወደብ። በኋላ እግሬን ቆስዬም የታከምኩት እዚያው ነው። ሾርባው እንደ ወተት ነጭ ነው፣ ሩዝ ውስጡ አለበት፣ ሥጋው ስስ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ፣ ላዩ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ሽንኩርት። እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ ወዲህ አልበላሁም።"

እናንተዬ፣ ሥራዬ የት እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ አይደል? ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የፔንሲዮኔዋ ባለቤት ሲኞራ ሶን ትባላለች፤ የእኔ እኩያ ናት። ሁለታችንም ጣልያንኛችን የተሰባበረ ስለሆነ እርስ በርስ በደንብ እንግባባለን። ቅዳሜ ጠዋት አንሶላ አብረን ስናጥፍ የአባቴን ነገር አወራኋት። ፑሳን የምትለዋ ቃል ከአፌ ስትወጣ የያዘችውን የአንሶላ ጫፍ ለቀቀችው።

"አባትሽ? ፑሳን? በጦርነቱ ጊዜ?"

"አዎ።"

"እኔ እኮ የፑሳን ልጅ ነኝ! ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?"

ምን እላታለሁ? ከአልጋ ወደ አልጋ ስንሯሯጥ ወሬ መቼ ደርሶን ያውቃል። ስለ ሾርባው ስነግራት ደግሞ እጇን አጨበጨበች። "አውቀዋለሁ! የፑሳን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከተማችን የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚወሰደው እሱን ሊበላ ነው። አጥንቱ እሳት ላይ ይደር፤ ነገ ምሳ ላይ እንግዶቼ ከተማ ሊያዩ ሲወጡ አምጪያቸው።" ከዚያ ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ስወለውል እያንጎራጎርኩ ነበር።

እሑድ ጠዋት አባባን ላመጣ ወደ ቤት ከመመለሴ በፊት ወጥ ቤት ብቅ አልኩ። ትልቁ ድስት ይንተከተካል። መረቁ በእርግጥ እንደ ወተት ነጭ ነው። ግን ሽታው ቅር አለኝ። ክዳኑን ከፈትኩ፤ አጥንቱ የማውቀው የበሬ አጥንት አልመሰለኝም።

"ሲኞራ፣ ይሄ የምንድን ነው?"

"ማያሌ" አለችኝ፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች።

አሳማ።

አባቴ፣ ረቡዕና ዓርብን በጦር ሜዳ ያልሻሩ ሰው፣ የጣልያን ሉካንዳ ፊት ለፊት ሲያልፉ አፍንጫቸውን በነጠላቸው የሚይዙ ሰው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያደንቁት የኖሩት ሾርባ የአሳማ ነው!

"በማንዞ አይሠራም? በበሬ?" አልኳት።

"ይሠራል፣ ግን ሌላ ነገር ነው። አባትሽ ያሉት ይሄን ነው። ነጭነቱም ከዚህ ነው የሚመጣው።" ፊቴን አየችና ግራ ገባት። "ችግር አለ?"

"የለም" አልኩ።

ከተርሚኒ እስከ ፖንቴ ማሞሎ ሜትሮው ውስጥ ቆሜ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ብነግራቸው አይበሉም፤ ካልበሉ ነገ ሰኞ ነው። ባልነግራቸው ይበላሉ፣ ምናልባትም የዘጋው ጉሮሯቸው ይከፈታል። ግን አባትን፣ ያውም በመጨረሻ ዕድሜያቸው፣ አታሎ እርም ማብላት ምን ይባላል? የንስሐ አባቴን ልደውልና ልጠይቅ አሰብኩ፤ መልሳቸውን ስለማውቀው ተውኩት። አውቶቡሱ ቤታችን አጠገብ ሲያወርደኝ ወስኜ ነበር። ዝም እላለሁ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን አልኩ።

አባባ ታጥበው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሜዳሊያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። ኮቱ ሰፍቷቸው ትከሻቸው ላይ ይንጠለጠላል። ከሜትሮ ወጥተን ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ስንደርስ ጉልበታቸው ከዳቸውና አግዳሚው ላይ አሳረፍኳቸው። "ሩቅ ነው?" አሉኝ። "ደርሰናል አባባ፣ ትንሽ ነው የቀረን።" "ያኔም ሻምበላችን እንዲሁ ነበር የሚለን" ብለው ተነሡ።

ሲኞራ ሶን በር ላይ ከወገቧ እጥፍ ብላ እጅ ነሣቻቸው። አባባ ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጡና ቀጥ ብለው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጧት። ሁለቱም ለአፍታ እንዲያው እንዳሉ ቀሩ። እኔ መሐላቸው ቆሜ የምይዘው ጠፋኝ።

የመመገቢያ ክፍሏ ግድግዳ ላይ የፑሳን ትልቅ ፎቶግራፍ አለ፤ በየቀኑ አቧራውን ስጠርግ አንድም ቀን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። አባባ ፊታቸውን አስጠግተው በጣታቸው ዳሰሱት።

"ወደቡ ይሄ ነው?" አሉ። እኔ አስተረጎምኩ።

"እሱ ነው።"

"ድልድዩስ? ወገቡ ላይ ተከፍቶ መርከብ የሚያሳልፈው?"

"አለ! አሁንም ይነሣል፤ ሰው ቆሞ ያየዋል። ሴት አያቴ ከሰሜን ስትሸሽ ከባሏ ጋር ብንጠፋፋ እዚያ ድልድይ ላይ እንገናኝ ተባብለው ነበር። በየቀኑ እየሄደች ጠበቀችው።"

"መጣ?"

"አልመጣም።"

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስንት ሴት ቆማ አይቻለሁ እዚያ ድልድይ ላይ" አሉ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ኮረብታው ወጣ። "እዚህ ጋ የስደተኛው የካርቶንና የቆርቆሮ ጎጆ ነበር።"

"አሁን ቤቶቹ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫ ተቀብተዋል። ቱሪስት ፎቶ ለመነሣት ይሰለፋል።"

"ለፎቶ? እኛ ስናውቀው ሰልፉ ለውሃ ነበር።" ሳቁ። "የዓሣ ገበያውስ? ሴቶቹ አሁንም ይጮኻሉ?"

"የኔ አክስት ከሁሉም በላይ ትጮኻለች!" አለች ሲኞራ ሶን፤ ደግሞ ፎቅ እንደ ጫካ የበቀለበትን የባሕር ዳርቻ፣ የሾርባ ቤት ብቻ የተሰለፈበትን መንገድ እያሳየች ከተማዋን አዞረቻቸው። አባባ በፎቶግራፍ ላይ ተራመዱ። ጉንጫቸው ላይ ከስንት ጊዜ በኋላ ደም አየሁ። እኔ ግን የማስበው ድስቱን ነው።

ሾርባው መጣ። በሸክላ ጎድጓዳ ሳህን፣ እየፈላ፣ ሽንኩርቱ ላዩ ላይ። እንፋሎቱ ሲደርሳቸው አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "እሱ ነው" አሉ ቀስ ብለው፣ "የሺዬ፣ እሱው ነው።" እጃቸውን ታጠቡ። አማተቡ። "አቤቱ ከክፉ ሁሉ አድነን" ብለው ማንኪያውን አነሡ።

የሆነው እዚህ ላይ ነው። ሜትሮ ውስጥ የወሰንኩት ውሳኔ ያቺን ማማተብ አልቻላትም። እጄ ሳላዘው ሄዶ ክንዳቸውን ያዘ።

"አባባ፣ ይቆዩ። አይብሉት።"

"ምን ሆነሽ?"

"የአሳማ ነው።"

ማንኪያው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሲኞራ ሶን አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ታያለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ የሚመጣውን ጠበቅሁ።

"ያኔ የበላሁትም?" አሉ አባባ።

"ይመስለኛል፣ አባባ። ሌላ አይሆንም ብላኛለች።"

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር። "ያ የጦራችን አስተርጓሚ! 'የበሬ ነው ብላ፣ ወላዲተ አምላክን' ብሎ ምሎልኛል እኮ! ነፍሱን ይማረውና!" ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ወደ መሐል ገፉት። "ያኔ ሳላውቅ ነው። አሁን አውቄ አልችልም። ለልጅቷ ንገሪያት፣ እጇ ይባረክ፣ ቅር እንዳይላት።"

ነገርኳት። አፏን በእጇ ከደነችና ይቅርታ እያለች ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። እኔ እንባዬ መጣ። በቃ፣ ነገ ሰኞ ነው፣ በቃ ቱቦ ነው እያልኩ ነበር።

ሲኞራ ሶን ስትመለስ የራሷን ምሳ ይዛ ነው። ከአኩሪ አተር የተሠራ የፈላ ወጥ በአንድ ጥቁር ድስት፣ ሩዝ፣ ቅጠላ ቅጠል። ዓሣም ሥጋም የለበትም ብላ በአያቷ ማለች። ድስቱን መሐል ላይ አስቀመጠች፣ ለሦስታችን ማንኪያ ሰጠች፣ እሷም ተቀመጠች። እንደ እነሱ ልማድ ወጡ ከአንድ ድስት ነው የሚበላው። ቀድማ ጠለቀችና በማንኪያዋ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች፤ ብሉ እንጂ እንደማለት። እኔም ጠዋት ቁርስ ያልቀመስኩ ነኝ፣ ጠለቅሁ።

አባባም ጠለቁ።

አንድ ማንኪያ ዋጡ። "ይሄ የሽሯችን ዘመድ ነው" አሉ። ሁለተኛውን አከሉ። ሩዙን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ከቅጠሉ በጣታቸው ጠቅልለው ለሲኞራ ሶን አጎረሷት፤ ምን እንደሆነ ሳይገባት አፏን ከፈተች። ለእኔም አጎረሱኝ። ስሰጋ ስሰጋ ድስቱ አለቀ። "ይጨመር?" ስትላቸው እኔ ሳልተረጉም "ይጨመር" አሉ።

ያ የአሳማ ሾርባ ባክኖ አልቀረም፤ ወጣቶቹ እንግዶች ሲመለሱ ድስቱን እስከ ግርጌው ጠረጉት አሉ።

ስንመለስ ፒያሳው አግዳሚ ላይ እንደገና አረፍን። ውስጤ ያለውን መያዝ አልቻልኩም። "አባባ፣ እኔ ስንት ሽሮ ነው ያመጣሁልዎት? ከቪያ ቮልቱርኖ፣ ራሴ የሠራሁት፣ ሁሉንም። የዛሬው ምኑ ጣመዎት?"

ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። "ፑሳን ሆስፒታል ሳለሁ በየአልጋችን በትሪ ነበር የሚያመጡልን። ዳቦ አለ፣ ሥጋ አለ፣ እንቁላል አለ። ግራዬ ቋንቋው የማይገባኝ ሰው፣ ቀኜም እንዲሁ፤ ሁሉም ወደ ትሪው አጎንብሶ ለየብቻው ይበላል። አልወርድ አለኝ። ከሳሁ። መቆም ስችል አስተርጓሚው ይዞኝ ወጣና እዚያች ሾርባ ሻጭ ዘንድ አስቀመጠኝ። ሴትየዋ አየችኝ። የራሷን ሳህን ይዛ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እሷ ስትጎርስ እኔም ጎረስኩ። የጣመኝ እሱ ነው እንጂ ሾርባውማ የአሳማ ነው ተባለ አይደል!"

ሳቄ መጣና መሐል ላይ ተሰበረ።

"አንቺ ትደክሚያለሽ። ለማን እንደምትደክሚ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አልተናገርኩም" አሉ። "ግን ማታ ማታ አንቺስ በልተሻል ስልሽ በልቻለሁ ትይኛለሽ። እኔ ታዲያ ከማን ጋር ልብላ?"

አገር ቤት ሳለን እናቴ እሳቸው ካልገቡ እህል እንደማትቀምስ፣ እሳቸውም ጎረቤት ሳይጠሩ ገበታ እንደማይነኩ እያየሁ ነው ያደግሁት። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ አባቴን ከአንድ የተከደነ ሳህን ጋር ዘግቼባቸው ስወጣ ነገሩ ትዝ አላለኝም። ምግቡን እያየሁ ሰውየውን አላየሁም። ጭካኔ አልነበረም፣ ድካም ነው፤ ድካም ግን ዓይን ይጋርዳል።

ሰኞ ዶቶሬሳዋ ዘንድ ሄድን፤ ሌላ ሳምንት ሰጠችን። ቀጥሎም ሌላ ሳምንት። ተአምር ሆነ አልላችሁም። አባባ አሁንም ቀጭን ናቸው፣ ኮቱም አሁንም ሰፊ ነው። እኔም ሁለቱንም ሥራ እሠራለሁ፣ አውቶቡሱም እንደልማዱ ይዘገያል። ሲኞራ ሶን ግን በወር አንድ እሑድ ትጠብቀናለች፤ በበሬ የሚሠራውንም ሾርባ አሳምራ ሠርታላቸዋለች፣ አባባም "ይሄኛው መሐላ አያስፈልገውም" ብለዋታል።

እናንተ በየአገሩ አባትና እናታችሁን አጠገባችሁ ያደረጋችሁ ወገኖቼ፣ ማቀዝቀዣውን ሞልታችሁ ስትወጡ ይቺን የእኔን ነገር አስቧት። መድኃኒቱን ከመቁጠራችሁ በፊት ማን አብሯቸው እንደሚበላ ጠይቁ።

ትናንት ቢሮ ውስጥ የአንዲት ሠራተኛ ልደት ነበርና ፓስታውንም ዶልቼ የሚሉትን ጣፋጭም አስጨንቀው አብልተውኛል። እግሬን እየጎተትኩ ቤት ገባሁ። ከነጫማዬ አልጋዬ ላይ ብወድቅ ደስ ባለኝ። ሳህኑ ተከድኖ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ አባባ አጠገቡ ተቀምጠዋል።

"የሺዬ፣ መጣሽ? በልተሻል?"

ጫማዬን አወለቅሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ወንበሬን ወደ እሳቸው ሳብኩ።

"አልበላሁም፣ አባባ" አልኩ።